የውሻ አርትራይተስ፦ የመገጣጠሚያ ህመምን ደረጃ በደረጃ የማስታገሻ ዝርዝር መመሪያ

አርትራይተስ የያዘው ውሻ ብዙውን ጊዜ አይጮኽም። ጥርሱን ነክሶ ይችለዋል፤ ምግቡን ይበላል፣ ጭራውን ይቆላል፣ በር ሲንኳኳም ይነሳል። ባለቤቱ የሚያየው ቀስ ብሎ መነሳቱን ብቻ ስለሆነ «በቃ አርጅቷል» ብሎ ያልፈዋል። እርጅና ግን ብቻውን ውሻን አያስነክስም። ውሻ ካነከሰ፣ ከጥቂት የአካልና የነርቭ ችግሮች በቀር፣ የሚያመው ነገር አለ ማለት ነው።

በሽታው የሚድን አይደለም፤ ህመሙን ግን በብዙ መቀነስ ይቻላል። ይህ የሚሳካው በአንድ ክኒን ሳይሆን በቅደም ተከተል ነው፦ በመጀመሪያ ህመሙን ሐኪም ባዘዘው መድኃኒት ማብረድ፣ በዚያው ሳምንት ክብደት መቀነስ መጀመር፣ ህመሙ ሲበርድ የሳሳውን ጡንቻ መመለስ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው ነገሩ የሚበላሸው። እያመመው ያለን ውሻ «ይፍታታ» ብሎ ማስሮጥ ህመሙን ያባብሳል። ክኒን እየሰጡ ውፍረቱን መተው ደግሞ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሳት ነው።

መገጣጠሚያው ውስጥ ምን እየሆነ ነው

የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ካርቲሌጅ ይሳሳል፣ የሚያለሰልሰው ፈሳሽ ይቀጥናል፣ መገጣጠሚያውን የከበበው ከረጢት ያብጣል፣ በጠርዙም ትርፍ አጥንት ይበቅላል። ካርቲሌጁ ራሱ ነርቭ የለውም። የሚያመው ያበጠው ከረጢት፣ ከካርቲሌጁ ሥር ያለው አጥንትና የታመመውን እግር ሸክም የተረከቡት ጡንቻዎች ናቸው። የራጅ ምስልና የህመሙ መጠን ብዙ ጊዜ የማይገጥሙትም ለዚህ ነው፤ ራጁ የሚያስደነግጥ ውሻ ሲሮጥ ታዩታላችሁ፣ ራጁ ቀላል የሆነው ደግሞ መነሳት ያቅተዋል። መታከም ያለበት ውሻው ነው እንጂ ፊልሙ አይደለም።

በሰው ላይ አርትራይተስ በአብዛኛው ከዕድሜ ጋር ይመጣል። በውሻ ላይ ግን በአብዛኛው የሌላ ችግር ውጤት ነው፦ የዳሌ ወይም የክርን መገጣጠሚያ አፈጣጠር ጉድለት፣ የተበጠሰ የጉልበት ጅማት፣ ከቦታው የሚንሸራተት የጉልበት ሎሚ፣ መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ የቆየ ስብራት። ስለዚህ ትልቅ ዝርያ ከሆነ ገና ዓመት የሞላው ውሻም ሊይዘው ይችላል።

1ኛ ደረጃ፦ ማየት፣ መዳሰስ፣ መቅረጽ

ዋነኛው ምልክት ከእረፍት በኋላ የሚታይ ግትርነት ነው። ውሻው ከተኛበት ሲነሳ ደረቅ ይላል፣ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ይፈታታል። ሌሎቹን ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃል፦ ደረጃ ሥር ቆሞ ማመንታት፣ ሁለቱን የኋላ እግሮች እንደ ጥንቸል አንድ ላይ መዝለል፣ ሲቀመጥ አንዱን እግር ወደ ጎን መዘርጋት፣ አንድን መገጣጠሚያ ደጋግሞ መላስ፣ ሲያበጥሩት ወይም ዳሌውን ሲነኩት መቆጣት፣ ሲጸዳዳ በአንድ ቦታ መቆም አቅቶት እየተራመደ መጨረስ።

የትኛው እግር እንደሆነ ለመለየት ውሻውን በገመድ ይዞ ጠንካራ መሬት ላይ ቀስ ብሎ የሚያራምድ ሌላ ሰው ይኑር፤ እናንተ ከፊት፣ ከኋላና ከጎን ተመልከቱ። ችግሩ የፊት እግር ላይ ከሆነ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱ ወደ ላይ ይነሳል፣ ደህነኛው ሲያርፍ ይወርዳል። የኋላ እግር ከሆነ በታመመው በኩል ያለው ዳሌ ከፍ ይላል። ከዚያ ውሻው ቀጥ ብሎ እንደቆመ ከኋላው ሆናችሁ ሁለቱንም ጭኖች በሁለት እጃችሁ በአንድ ጊዜ ጨብጡ፤ አንዱ ከሌላው ከሳሳ ያንን እግር ለሳምንታት ሲቆጥበው ቆይቷል ማለት ነው። ጥፍሮቹንም እዩ። በደንብ የማይረግጥበት እግር ጥፍር ሳይበላ ይረዝማል፤ የሚጎትተው እግር ጥፍር ደግሞ ከላይ በኩል ይፋቃል።

በስልክ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ የሆነ ቪዲዮ ቅረጹ፦ ሲነሳ፣ ሲራመድ፣ ደረጃ ሲወጣ። ክሊኒክ ሲደርስ በድንጋጤ ብዛት ማንከሱን የሚተው ውሻ ብዙ ነው። ሐኪሙ ያላየውን ቪዲዮው ያሳየዋል።

2ኛ ደረጃ፦ የሚመስሉትን መለየት

አርትራይተስ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነገር ነው። ከሚከተሉት አንዱ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፦ ድንገት እግሩን ጨርሶ መርገጥ ማቆም፣ ትኩስና ያበጠ መገጣጠሚያ፣ ትኩሳት፣ ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው እግር ማንከስ፣ ከመገጣጠሚያው ራቅ ብሎ አጥንት ላይ የወጣ ጠንካራ እብጠት፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል። በመዥገር የሚተላለፉ በሽታዎች፣ የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽንና በትልልቅ ዝርያዎች ላይ የሚታየው የአጥንት ካንሰር የሚሸሸጉት እዚህ ውስጥ ነው።

የነርቭ ችግርን ቤት ውስጥ ለመጠርጠር የሚረዳ ቀላል ሙከራ አለ። ውሻው ቆሞ ሳለ ከሆዱ ሥር ደግፉትና የአንዱን የኋላ እግር መዳፍ ገልብጣችሁ ጀርባውን ወለሉ ላይ አስቀምጡት። ጤነኛ ውሻ ወዲያው ያስተካክለዋል። ተገልብጦ ከቀረ ወይም ከዘገየ ችግሩ ከመገጣጠሚያ ይልቅ ከአከርካሪ ሊሆን ስለሚችል አካሄዱ ሌላ ነው።

3ኛ ደረጃ፦ መነሻ ነጥብ መጻፍ

መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ውሻችሁ የሚቸገርባቸውን አራት ወይም አምስት ነገሮች በዝርዝር ጻፉ። «ያነክሳል» ብቻ አይበቃም፤ «ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ»፣ «መኪና ላይ ሲወጣ»፣ «ከ10 ደቂቃ የእግር ጉዞ በኋላ» በሉ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ስጡ፤ 0 ያለ ችግር፣ 4 ጨርሶ አይችልም። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ያለፈውን ሳታዩ እንደገና ሙሉ። ዓይን ተስፋ የሚያደርገውን ነው የሚያየው፤ ወረቀቱ ከሌለ የማይሠራ መድኃኒት ለወራት ሊሰጥ ይችላል።

4ኛ ደረጃ፦ ህመሙን ማብረድ

ከሁሉ በፊት አንድ ክልክል። ለሰው የተሠራ ማስታገሻ ከቤት መድኃኒት ሣጥን አውጥታችሁ አትስጡ። አይቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሲንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ያደክማሉ። የዳይክሎፌናክ ቅባትም ያው ነው፤ ውሻው ይልሰዋል። ሜሎክሲካም የውሻም መድኃኒት ነው ብሎ የሰውን ክኒን መስጠት ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው፦ 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ የዕለት መጠኑ 1 ሚሊ ግራም ሲሆን ትንሹ የሰው ክኒን በተለምዶ 7.5 ሚሊ ግራም ነው።

የሕክምናው መሠረት ለውሻ የተሠሩት ስቴሮይድ ያልሆኑ ፀረ-ብግነት (እብጠትንና ህመምን የሚቀንሱ) መድኃኒቶች ናቸው። የተለመደው መጠን ይህን ይመስላል፤ ለእናንተ ውሻ የሚሆነውን የሚወስነው ግን የመረመረው ሐኪም ነው።

ካርፕሮፌን፦ በኪሎ 4.4 ሚሊ ግራም በቀን፣ በአንዴ ወይም ለሁለት ተከፍሎ።
ሜሎክሲካም፦ በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 0.2፣ ከዚያ በየቀኑ 0.1 ሚሊ ግራም።
ፊሮኮክሲብ፦ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንዴ።
ግራፒፕራንት፦ በኪሎ 2 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንዴ።

ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም ከምግብ ጋር ቢሰጡ ለጨጓራ ይሻላል። ግራፒፕራንት ግን በባዶ ሆድ የበለጠ ይመጠጣል። የሜሎክሲካም ፈሳሽ ከራሱ ሲሪንጅ ጋር ይመጣል፤ በብዙዎቹ ላይ ያለው ምልክት የውሻው ክብደት በኪሎ እንጂ ሚሊ ሊትር ስላልሆነ ሲሪንጁ ከጠፋ በሌላ አትተኩት።

ከመጀመሩ በፊት የኩላሊትና የጉበት የደም ምርመራ ይደረግ፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ ይደገም፤ ከዚያ በየ3 ወይም በየ6 ወሩ። ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ከወትሮው የበዛ ውኃ ጥም ወይም የድድና የዓይን መቢጨት ካያችሁ የሚቀጥለውን መጠን አትስጡ፤ ወዲያው ሐኪሙ ጋ ደውሉ። በማንኛውም ምክንያት ውሻው ካስመለሰውና ውኃ ካጠረው መድኃኒቱ ይቆይ፤ ኩላሊት የሚጎዳው በአብዛኛው እንዲህ ባለ ቀን ነው። ሁለት ፀረ-ብግነት መድኃኒቶች አብረው፣ ወይም አንዱ እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ካሉ ስቴሮይዶች ጋር፣ በፍጹም አይሰጡም። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞሩ በመካከል ከ5 እስከ 7 ቀን ማረፍ የተለመደ ነው። ለማሳከክ የተወጋ መርፌ ስቴሮይድ ሊሆን ስለሚችል ያለፈውን ወር ሕክምና ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ።

በአሰጣጥ ላይ የሚደጋገመው ስሕተት «ሲብስበት ብቻ» መስጠት ነው። ለረጅም ጊዜ የቆየ ህመም የነርቭ ሥርዓቱን ራሱን ስሱ ያደርገዋል፣ እንዲህ የሆነ ውሻ ደግሞ በአንድ ቀን ክኒን አይረጋም። በየቀኑ፣ ሙሉውን መጠን፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ከሰጣችሁ በኋላ ወረቀታችሁን ተመልከቱ። ነጥቡ ከወረደ በሐኪሙ ምክር መጠኑን ቀስ እያሉ ወደ ዝቅተኛው በቂ መጠን ማውረድ ይቻላል። ጨርሶ ካልተነቃነቀ ሌላ መድኃኒት መሞከር አለበት፤ በአንዱ ያልተሻለው ውሻ በሌላው ሊሻለው ይችላል።

ያ ብቻውን ካልበቃ የሚጨመሩ አሉ። ጋባፔንቲን በተለምዶ በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም በየ8 ወይም በየ12 ሰዓቱ ይታዘዛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያንገዳግዳል፣ ያስተኛል፤ ሲቆምም በድንገት ሳይሆን እየተቀነሰ ነው። ለሰው የተዘጋጀው የጋባፔንቲን ሽሮፕ ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ሊኖረው ይችላል፤ ዛይሊቶል የውሻን የደም ስኳር በድንገት የሚያወርድ መርዝ ስለሆነ ክኒኑን ወይም ካፕሱሉን ጠይቁ። አማንታዲን ለቆየ ህመም ከፀረ-ብግነቱ ጋር ይሰጣል፤ ውጤቱን ለማየት ሳምንታት ይፈልጋል። ትራማዶል አሁንም ይታዘዛል፤ ነገር ግን የውሻ ጉበት መድኃኒቱን ህመም ወደሚያስታግሰው ቅርጹ የሚለውጠው በጣም ጥቂቱን ብቻ ነው፣ ለአርትራይተስም ደካማ ምርጫ ነው።

በወር አንዴ ከቆዳ ሥር የሚወጋው ቤዲንቬትማብ ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ የህመም ነርቮችን የሚያነቃቃውን ፕሮቲን ይይዛል እንጂ በጨጓራ በኩል አይሠራም። በአውሮፓ በ2020፣ በአሜሪካ በ2023 ተፈቅዷል። ፀረ-ብግነት መውሰድ ለማይችሉ ውሾች ትልቅ አማራጭ ነው። ሆኖም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በታኅሣሥ 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለእንስሳት ሐኪሞች በላከው ደብዳቤ፣ መድኃኒቱ ከተሰጣቸው ውሾች ላይ መንገዳገድና መንቀጥቀጥን የመሰሉ የነርቭ ምልክቶች መመዝገባቸውን አሳስቧል። ከ12 ወር በታች ላለ፣ ለነፍሰ ጡርና ለመራቢያ ውሻ አይሰጥም። ከመርፌው በኋላ አረማመዱ ከተበላሸ ሁለተኛውን አታስወጉ።

5ኛ ደረጃ፦ ክብደት

ከመድኃኒት ውጭ ክብደትን የሚያህል የለም። ክብደቱ ከመጠን ያለፈ ውሻ ከሰውነቱ ከ6 እስከ 9 በመቶ ሲቀንስ ማንከሱ በግልጽ ይቀላል፤ 36 ኪሎ ለሚመዝን ይህ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ገደማ ነው። በ48 የላብራዶር ውሾች ላይ ዕድሜ ልካቸውን በተደረገ ጥናት ከአቻዎቻቸው 25 በመቶ ያነሰ የበሉት አርትራይተሳቸው ዘግይቶ ነው ሕክምና የጠየቀው፤ ዕድሜያቸውም ወደ 2 ዓመት ገደማ ረዝሟል።

መወፈሩን ለመፍረድ ዓይን አይበቃም፣ በተለይ ጸጉራም ውሻ ላይ። እጃችሁን ዘርግታችሁ በሌላው እጅ ጣት የእጃችሁን ጀርባ ዳብሱ፤ የውሻው ጎድን እንደዚያ ከተሰማችሁ ልክ ነው። እንደ መዳፋችሁ ውስጥ ከለሰለሰ ወፍሯል፣ እንደ ተጨበጠ ቡጢ አንጓ ከጎረበጠ ከስቷል።

የምግቡን መጠን ለማስላት ተራ ካልኩሌተር ይበቃል። ሊደርስበት የሚገባውን ክብደት ውሰዱ፣ ለምሳሌ 30 ኪሎ። 30 በ30 በ30 አባዙ፤ 27,000 ይመጣል። የስኩዌር ሩት ቁልፉን ሁለት ጊዜ ተጫኑ፤ 12.8 ይመጣል። በ70 አባዙት፤ 900 ኪሎ ካሎሪ ገደማ። የዕለት ጣሪያው ይህ ነው። ከዚህ እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን፣ ማለትም 90 ኪሎ ካሎሪ፣ ለማባበያና ክኒን ለመጠቅለያ አስቀሩ። የምግቡ ከረጢት በኪሎ 3,600 ኪሎ ካሎሪ የሚል ከሆነ ለቀሪው 810 የሚያስፈልገው 225 ግራም ነው። በኩባያ አትስፈሩ፣ በሚዛን መዝኑ፤ ኩባያ በሰፋሪው እጅ ይለያያል፣ ልዩነቱም የሳምንቱን ድካም መና ያስቀራል።

በየሳምንቱ መዝኑት። ጥሩው ፍጥነት ከሰውነቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ምንም ካልቀነሰ መጀመሪያ ማን በድብቅ እንደሚያጎርሰው አጣሩ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ነው። ማንም ከሌለ መጠኑን በ10 በመቶ ቀንሱ። ከዚያም በታች መውረድ ካስፈለገ ለክብደት መቀነሻ ወደተዘጋጀ ምግብ ማዞር ይገባል፤ ተራውን ምግብ እያሳነሱ መሄድ ፕሮቲኑንና ቪታሚኑንም ያሳንሳል፣ ጡንቻው ደግሞ ፕሮቲን ይፈልጋል።

6ኛ ደረጃ፦ እንቅስቃሴ

መድኃኒቱ ከሠራ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ለ10 ደቂቃ በገመድ አራምዱት። ቀስ በሉ። ውሻ ሲፈጥን የታመመውን እግር እየዘለለ ያልፋል፤ ሲዘገይ ግን አራቱንም መርገጥ ግድ ይሆንበታል። በሳምንት በእያንዳንዱ ጉዞ ላይ 2 ደቂቃ ጨምሩ።

መጠኑ ልክ መሆኑን የሚነግራችሁ የጉዞው ሰዓት ሳይሆን የማግስቱ ጠዋት ነው። በጉዞው ላይ ደስ ብሎት ይሮጣል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ሲነጋ ነው። ጠዋት ከወትሮው ይልቅ ከደረቀ ትናንት በዝቷልና ግማሹን ቀንሱ፤ ሁለት ጠዋት ደህና ሲነሳ እንደገና ጀምሩ። ሳምንቱን ሙሉ አስተኝቶ በእረፍት ቀን ሁለት ሰዓት ማስጓዝ ከሁሉ የከፋው ነው። ኳስ መወርወር ይቅር፤ ድንገተኛ መቆምና መታጠፍ መገጣጠሚያውን ያጣምመዋል።

ለኋላ እግር ጡንቻ ጥሩው ልምምድ መቀመጥና መነሳት ነው። የታመመውን ጎኑን ግድግዳ አስጠግታችሁ አስቀምጡት፤ ያኔ እግሩን ወደ ውጭ መዘርጋት አይችልም። ከዚያ ሳይራመድ ቀጥ ብሎ ይነሳ። በ5 ጀምሩ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቀስ በቀስ ወደ 10። መቀመጡ ራሱ የሚያመው ከሆነ የፊት እግሮቹን ዝቅተኛ መረገጫ ላይ አውጥታችሁ ለ10 ሰከንድ አቁሙት፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሌላው፣ አራት ወይም አምስት ቀጫጭን እንጨቶችን በትከሻው ቁመት ያህል አራርቃችሁ መሬት ላይ አጋድሙና በእርምጃ ያቋርጣቸው። ከዘለላቸው ፈጥኗል።

በለብ ያለ ውኃ ውስጥ በትሬድሚል መራመድ ከተገኘ እጅግ ጥሩ ነው።

7ኛ ደረጃ፦ ቤቱን ማመቻቸት

ለስላሳ ወለል ላይ የሚንሸራተት ውሻ ቀኑን ሙሉ ጡንቻውን ገትሮ ነው የሚውለው። ከአልጋው እስከ ምግቡና እስከ በሩ የማይንሸራተት ምንጣፍ ዘርጉ፤ ጥፍሩንና በመዳፉ ሥር የበቀለውን ጸጉር ከርክሙ። አልጋው ወፍራም ይሁን፦ በእጃችሁ ስትጫኑት ወለሉ ከተሰማችሁ ስስ ነው። ለመኪናና ለሶፋ መወጣጫ አዘጋጁ። ከዳሌው ለመርዳት ፎጣ ከሆዱ ሥር አሳልፎ መደገፍ ይበቃል፤ በአንገት ማሰሪያ መጎተት ግን አይሆንም።

ጠዋት ለደረቀ መገጣጠሚያ ለ15 ደቂቃ ሙቀት ጥሩ ነው፤ የሚደረገውን ጨርቅ በእጅ አንጓችሁ ውስጠኛ ጎን ሞክሩት፣ ካቃጠላችሁ ያቃጥለዋል።

ማሟያዎች

ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ኦሜጋ-3 ነው፤ በዓሣ ዘይት ውስጥ ያሉት ሁለቱ ዓይነቶቹ፣ ኢፒኤና ዲኤችኤ፣ ተደምረው በኪሎ ወደ 100 ሚሊ ግራም በቀን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ «1000 ሚሊ ግራም የዓሣ ዘይት» የሚል ካፕሱል ውስጥ የሁለቱ ድምር ብዙ ጊዜ 300 ብቻ ነው፣ ስለዚህ 20 ኪሎ ላለው ውሻ ከ6 እስከ 7 ካፕሱል ይሆናል። እያንዳንዱ 10 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ስላለው ከምግቡ ላይ ቀንሱ። በሩብ ጀምራችሁ በ3 ወይም በ4 ሳምንት ሙሉ መጠን ድረሱ፣ አለበለዚያ ያስቀምጠዋል። የዓሣ ጉበት ዘይት አይተካውም፤ በዚህ መጠን ሲሰጥ ቪታሚን ኤና ዲ ከልክ ያልፋሉ። ግሉኮሳሚን ጉዳቱ ትንሽ፣ ጥቅሙም አጠራጣሪ ነው፤ ገንዘብ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለኦሜጋ-3 ይሁን።

ድንገት ሲብስበት

ደህና የነበረ ውሻ አንድ ቀን መነሳት ቢያቅተው መጠኑን እጥፍ አታድርጉ። ለ2 ወይም ለ3 ቀን ለመጸዳዳት ብቻ በገመድ ይውጣ። ያበጠውን መገጣጠሚያ በጨርቅ በተጠቀለለ በረዶ ለ10 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ አቀዝቅዙ፤ ሙቀት በዚህ ጊዜ አይሆንም። በ48 ሰዓት ካልተሻለው ይታይ፤ እግሩን ጨርሶ ካልረገጠ ግን 48 ሰዓቱን አትጠብቁ፤ ሲያነክስ የቆየበት የጉልበት ጅማት በዚያ ቀን ሙሉ በሙሉ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ ይህ ደግሞ በተለይ በትልቅ ውሻ ላይ ቀዶ ሕክምና የሚፈልግ ነው። ለዳሌ መገጣጠሚያውን በሙሉ መቀየር ወይም የጭን አጥንቱን ራስ ማውጣት፣ ለፊት እግር አንጓ ደግሞ መገጣጠሚያውን ማጣበቅ አሉ። መድኃኒቱ፣ ክብደቱና እንቅስቃሴው በትክክል ተሞክረው ነጥቡ ካልወረደ የአጥንት ቀዶ ሐኪምን ማማከር ይገባል፤ ጡንቻው ጨርሶ ከመሳሳቱ በፊት ቢሆን ደግሞ ውሻው ከቀዶ ሕክምናው ቶሎ ያገግማል።